ሽማግሌው የት ሄደ?

የዛሬው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? ለአንተ የሚጽፈው ሰው ሁሉ ስለ ፍቅርና ስለ ሥራ ነው። የእኔ ጉዳይ ጌም ነው፤ እንዳትስቅብኝ። 27 ዓመቴ ነው። ሴኪሮን በፕሌይስቴሽን 4 ሦስት ጊዜ ጨርሻለሁ፣ ሦስቱንም በተለያየ መጨረሻ። ከ34ቱ ትሮፊ 28ቱ ገብቶልኛል። የቀሩኝ የጥላቻው ጋኔን፣ ኢሺን አሺና፣ ሹራ የሚባለው መጨረሻ፣ ሁሉንም ቦሶች መግደል፣ ሁሉንም ጥበቦች መማር፣ ከዚያ ፕላቲነሙ ናቸው። ጋኔኑን ሦስቴም ዘልዬው ነው ያለፍኩት፤ ግዴታ አይደለማ። አሁን በአራተኛው ዙር ልግጠመው ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየፈጀኝ ነው።

ጥር ላይ ሰርጌ ነው። እጮኛዬ ‹ወይ ጨርሰው ወይ ሽጠው› ብላኛለች። ክፉ ሆና አይደለም። እንዲያውም ባለፈው አብራኝ ቁጭ ብላ ስታይ ቆየችና ‹ያ እንጨት የሚጠርበው ሽማግሌ የት ሄደ?› አለችኝ። እኔ መሄዱንም ልብ አላልኩም ነበር። ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት አንድ ልጅ አለ፤ ‹500 ብር ስጠኝና ጋኔኑን ልግደልልህ› ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ‹የጥበቡን ነጥብ እኔ ልልቀምልህ› ይላል። ምን ትመክረኛለህ? ልክፈል? ልተወው? — ባለ 28ቱ»

ባለ 28ቱ ወንድሜ፣

አልሳቅኩም። ፈገግ ያልኩት «ግዴታ አይደለማ» ያልክበት ላይ ብቻ ነው። ያቺን ሰበብ አውቃታለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ፕሌይስቴሽን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጌሞቹ ትሮፊ ይሰጣል። አንድ ቦስ (ከባድ ዋና ባላንጣ) ስትገድል፣ አንድ ነገር ስታሟላ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ምልክት ብቅ ትላለች። ነሐስ፣ ብርና ወርቅ አለ። የአንዱን ጌም ሁሉንም ስትለቅም ፕላቲነሙ ይመጣል። አይበላም፣ አይሸጥም። ሴኪሮ ደግሞ የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ሂዴታካ ሚያዛኪ የመራው ጌም ነው። ስሙ «ባለ አንድ ክንዱ ተኩላ» እንደማለት ነው። ክንዱ ተቆርጦ ባለ መሣሪያ ሰው ሠራሽ ክንድ የተገጠመለት ሺኖቢ (ኒንጃ) ትሆንና ኩሮ የሚባለውን ትንሽ ጌታህን ትጠብቃለህ። «ቀላል» የሚባል ምርጫ የለውም። በዚያው ኩባንያ ሌላ ጌም፣ በዳርክ ሶልስ፣ እንደሚደረገው ሌላ ተጫዋች ጠርተህ አያግዝህም። አንተና ሰይፍህ ብቻ ናችሁ። ስለዚህ 28 ይዘህ ስትጽፍልኝ መጀመሪያ እጅ ነስቻለሁ።

«ስድስት ቀረኝ» ስትል ቁጥሩ ነው ያስደነገጠህ። ሥራው ሦስት ነው። አንዱ ጋኔኑ። ሁለተኛው የሹራ መንገድ፤ ኢሺን አሺና እዚያው ነው ያለው፣ እሱ ሲወድቅ የቦሶቹ ዝርዝር ይሞላል፣ መጨረሻውም ይከተላል። ሦስተኛው ጥበቦቹ። ፕላቲነሙን ማንም አይሠራውም፤ ራሱ ይመጣል።

አሁን ወደ 500 ብሩ ልጅ እንምጣ።

ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ጌም፣ አንድ ቦስ አላልፍ አለኝ። ለአክስቴ ልጅ ጆይስቲኩን ሰጥቼው ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ትሮፊው ገብቷል። ደስ አለኝ፣ ማኪያቶም ጋበዝኩት። ጣጣው የመጣው ቆይቶ ነው። ፕሌይስቴሽን እያንዳንዱ ትሮፊ የተገኘበትን ቀንና ሰዓት ይጽፋል። አንድ ቀን ዝርዝሩን ሳገላብጥ ዓይኔ እዚያ ላይ አረፈ። የሥራ ቀን፣ በፈረንጅ ሰዓት 3:12፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት። በዚያ ሰዓት እኔ ስብሰባ ላይ እያንቀላፋሁ ነበር። ማንም አይቶት አያውቅም፣ ማንም አይጠይቀኝም። ግን አንዴ የገባ ትሮፊ አይሰረዝም። እስከ ዛሬ ያንን ዝርዝር ስከፍት፣ እዚያ መስመር ጋ ስደርስ ጣቴ ይፈጥናል።

ስለዚህ ለልጁ አትክፈል። ለብሩ ብዬ አይደለም።

ግን ደግሞ «ሁሉንም በራስህ እጅ ሥራ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ጥበቦቹን ለወንድምህ ስጠው። ያለ ሐፍረት። ጠላት ስትገድል ልምድ ታገኛለህ፣ ልምዱ ሲጠራቀም የጥበብ ነጥብ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ ከፊተኛው የበለጠ ልምድ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ ሥራው ያንኑ ግቢ ዞሮ ዞሮ ያንኑ ሰው መውጋት ነው። ሦስት ጊዜ የጨረሰ ሰው ከዚያ የሚማረው አንዳች ነገር የለም። ሽንኩርት መክተፍ ነው። ሰርግ ቤት ደግሞ ሽንኩርት የሚከትፈው ሙሽራው አይደለም።

ለወንድምህ ይህን ንገረው። ፋውንቴንሄድ ቤተ መንግሥት ይሂድ፣ ሚቡ ማኖር የሚባለው ማረፊያ ጋ። እዚያ ሕይወት እየመጠጡ የሚያስረጁ መኳንንት አሉ። ከፊት ለፊት ከመጣባቸው ያሠቃዩታል፤ ከኋላ ተደብቆ ከመጣ ግን በአንድ ምት ይወድቃሉ። ጨርሶ ያርፋል፣ እነሱም ይመለሳሉ፣ እንደገና ይጀምራል። አራተኛው ዙር ላይ ስለሆናችሁ ጠላት የሚሰጠው ልምድ ከመጀመሪያው ዙር ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቅ፦ ሲሞት ከያዘው ገንዘብ ግማሹ፣ ወደ ቀጣዩ ነጥብ ካጠራቀመው ልምድም ግማሹ ይሄዳል። የሞላ ነጥብ ግን አይነካም። ስለዚህ መስመሩ ሊሞላ ሲል ጀግንነት የለም። ሲሞላ ይፈንጭ።

ከዚያ በፊት ግን ሴቩን (የተቀመጠውን ጨዋታህን) በፍላሽ ገልብጥ። ክላውዱ ወርሃዊ ክፍያ ይጠይቃል፤ ፍላሹ ነፃ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ የሴቭ ፋይሎች ማስተዳደሪያ አለ፣ እዚያ «ወደ ዩኤስቢ ቅዳ» የሚለውን ምረጥ። መብራት በየቀኑ ብልጭ ድርግም በሚልበት አገር የአራት ዙር ልፋት አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ድፍረት ነው።

(ለሌሎች አንባቢዎች፦ ለሦስቱ መጨረሻዎች የሚያስፈልገውን ነገር ሁሉ ቀድማችሁ ካሟላችሁ፣ የመጨረሻውን ቦስ ከገደላችሁ በኋላ ኩሮን ከማናገራችሁ በፊት ሴቩን ገልብጡት። አንዱን መጨረሻ አይታችሁ ሴቩን መልሳችሁ ሌላውን ማየት ትችላላችሁ። ባለ 28ቱ፣ ይህን አሁን መስማት እንደሚያናድድህ አውቃለሁ። ሦስቱ ዙር ግን ባዶ አልሄደም፤ ያጠራቀምካቸው ነጥቦች ከዚያ የመጡ ናቸው።)

ቅደም ተከተሉ ላይ እንዳትሳሳት። ጋኔኑ አሁን፣ ሹራ በሚቀጥለው ዙር። ጉጉት የሚባለው አሳዳጊ አባትህ ቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ላይ ኩሮን ተው ሲልህ እሺ ካልከው ጌሙ እዚያው ይዘጋል። ፋውንቴንሄድ የለም፣ ጋኔኑም የለም። ስለዚህ በዚህ ዙር ጋኔኑን ጣለው፣ እንደ ለመድከው ጨርስ፣ ከዚያ አምስተኛውን ዙር በሩጫ እስከ ጉጉት ሂድ። የሹራው መንገድ አጭር ነው። ኤማ የምትባለው ሐኪምና ኢሺን ተከታትለው ይመጡብሃል፤ መሃላቸው ላይ ማረፊያ የለም፣ መድኃኒትህን ለኢሺን ቆጥብ። በፍላሽ አሳጥራለሁ ብለህ ሴቩን ወደ ኋላ እንዳትመልስ፤ ከዚያ በኋላ የገደልከው ቦስ በአሮጌው ሴቭ ላይ የለም። አዲስ ጨዋታም ከዜሮ አትጀምር፤ የተማርካቸው ጥበቦች ያሉት እዚህኛው ላይ ነው።

አሁን ጋኔኑ።

ሁለት ሳምንት ሲፈጅህ ምን እያደረግህ እንደሆነ ልገምት። እየሸሸህ ነው። ሴኪሮ ውስጥ ከሰው ጋር ስትዋጋ ፊት ለፊት ቆመህ ሰይፍ ከሰይፍ ታጋጫለህ። ይሄ ግን አውሬ ያክላል፣ ይነዳል፣ ስለዚህ እግርህ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። እሱ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው። ስትርቅ እሳት ይወረውርብሃል፣ ስትርቅ እየተንደረደረ ይመጣብሃል። ከሩቅ የሚያደርጋቸው ነገሮች በሙሉ ከቅርብ ከሚያደርጋቸው የከፉ ናቸው። እግሩ ሥር ግባ። በእግሩ ሲረግጥህ በኤል ዋን ቁልፍ መመከት ይቻላል፣ ልክ እንደ ሰይፍ። የሚነደው ግራ ክንዱ ነው፤ ከዚያ ክንድ ራቅ ብለህ በሌላው ወገን ተለጠፍበት። ግራ መሆኑንም ልብ በል።

ሚዛኑን፣ ማለትም ሲሰበር ለመግደያው ምት የሚያጋልጠውን አቋሙን፣ ለመስበር አትቸኩል። ሌሎቹን ቦሶች በመመከት ብቻ ታደክማቸዋለህ፤ ይሄኛው ጤነኛ እያለ ሚዛኑ ቶሎ ቶሎ ይመለሳል። መጀመሪያ ደሙን አውርድ። ሁለት ሦስት ምት፣ መመከት፣ እንደገና ሁለት። ደሙ ሲቀንስ ሚዛኑም የሚመለሰው በዝግታ ይሆናል። በክንድህ የምትወነጨፍበት አረንጓዴ ምልክት ሲታይህ አትለፈው፤ ያንን ርቀት በነፃ የምትዘጋበት ዕድል ነው።

ደብዳቤህ ውስጥ አንተ ሳታውቀው የነገርከኝ ነገር አለ። ከቀሩህ ትሮፊዎች ውስጥ የክንዱን መሣሪያዎች ሁሉ ማሻሻል የሚለው የለም። ያንን ጨርሰሃል ማለት ነው። እንግዲያው ሁለት ትልልቅ ነገሮች ኪስህ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዱ ሱዛኩ የሚባለው ጃንጥላ ነው፤ እሳት አያስገባም። ክንዱን ሲያወናጭፍ ዘርጋው፣ ከሥሩ ሆነህ ጠብቅ፣ ከዚያ በአር ዋን መልስለት። ሁለተኛው ማልኮንተንት የሚባለው ፉጨት ነው። ስታፏጭበት ጋኔኑ ራሱን ይዞ ይንገዳገዳል፣ አንተም እንደልብህ ትመታዋለህ። በአንድ ውጊያ ሦስቴ ይሠራል። መጀመሪያ ላይ አታባክነው። ሦስት ጊዜ ነው የሚገደለው፤ ለሦስተኛው ሕይወቱ አስቀምጠው፤ እሳቱን በዙሪያህ ክብ አድርጎ ሲያጥርብህ ይጠቅምሃል። ሁለቱም መሣሪያ ኤምብለም (የክንዱን መሣሪያ ስትጠቀም የሚያልቅ ቁጥሩ የተወሰነ ነገር) ይበላሉ፣ እየቆጠርክ ተጠቀም።

እና አንድ የቤት ሥራ አለህ። ዛሬ ማታ አምስት ጊዜ ግጠመው፣ ግን አንድም ጊዜ ሰይፍህን አትሰንዝር። መመከትና ማምለጥ ብቻ። ገንዘብህን ቀድመህ ከነጋዴዎቹ የገንዘብ ከረጢት ግዛበት፣ ከረጢት ውስጥ ያለ ገንዘብ ስትሞት አይነካም። አምስቱንም ትሞታለህ። አምስተኛው ላይ ግን ከመጀመሪያው በጣም ረዝመህ እንደቆየህ ታያለህ። ስታጠቃ ዓይንህ የሚያየው የእሱን ደም ነው፤ ሳታጠቃ የምታየው ትከሻውን ነው፣ የሚመጣውም ከትከሻው ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ብዙ ከተቃጠልኩ በኋላ ነው። በቀን ከአንድ ሰዓት በላይም አትቀመጥ። የተናደደ እጅ ቀድሞ ይጫናል።

አልዋሽህም፣ በመጀመሪያው ዙር ገጥመኸው ቢሆን ኖሮ ይቀልህ ነበር። ዙር በጨመርክ ቁጥር እሱም ይከብዳል። ሦስቴ መዝለልህ ዋጋ አስከፍሎሃል።

«ወይ ጨርሰው ወይ ሽጠው» ማለቷ እንኳ ልክ ነው። ጥር ቅርብ ነው። ታኅሣሥ ሲያልቅ ካልጨረስክ ሳጥኑን ጠቅልለህ ቁም ሣጥን ላይ አውጣው። ሸጠኸው ብትቆጭ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም፣ ሴቩ ደግሞ ፍላሽህ ላይ ነው፤ ከጫጉላው በኋላም ጋኔኑ የትም አይሄድም። ይህን ለእሷ ከእኔ ይልቅ አንተ ብትነግራት ይሻላል፤ ቀን ቆርጠህ ንገራት። «ትንሽ ቀረኝ» የሚለውን ቃል ግን አትጠቀም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰምታዋለች።

ግን እኔን ደብዳቤህን ደጋግሜ እንዳነበው ያደረገኝ የእሷ ጥያቄ ነው። አንተ ጌሙን ሦስት ጊዜ ጨርሰህ ያልጠየቅከውን፣ እሷ አንድ ማታ ተቀምጣ ጠየቀችው። ያ ሽማግሌ በፈረሰው ቤተ መቅደስ ውስጥ ተቀምጦ ቡድሃ የሚቀርጸው ነው። የለበስከውን ክንድ የሰጠህ እሱ ነው። ራሱም አንድ ክንድ የለውም። የሚቀርጻቸው ቡድሃዎች ሁሉ ፊታቸው የተቆጣ ነው፤ ለስላሳ ፊት ሊያወጣ ቢሞክርም እጁ አልታዘዘውም። ወደ መጨረሻ ላይ ስትመለስ ቦታው ባዶ ነው። አንተ በዚያ ሰዓት ወደ መጨረሻው ቦስ እየሮጥክ ስለነበር አላየኸውም። አልፈርድብህም፣ ብዙ ሰው አያየውም።

መልሱን እኔ አልነግርህም። መልሱ አንተ ሦስት ጊዜ ዘልለህ ባለፍክበት ቦታ ላይ ነው ያለው። ልጁ 500 ብር ተቀብሎ ቢገድልልህ፣ የእጮኛህን ጥያቄ መመለስ የሚችለው እሱ ይሆናል።

በአምስተኛው ዙር ደግሞ፣ ሹራን ከመምረጥህ በፊት፣ ያገኘኸውን ሳኬ ሁሉ ይዘህ ለሁለት ሰዎች አቅርብ። ለቀራጩም፣ ለኢሺንም። ሽማግሌ መጠጥ ሲቀምስ ድሮውን ያወራል፤ ይሄ ጃፓንም ሄደህ አይቀየርም። ስለ ተቆረጠ ክንድ ያወሩሃል፣ ሹራ የሚለውንም ቃል ከአፋቸው ትሰማለህ። ከዚያ ጉጉት ጥያቄውን ሲያቀርብልህ ያቺን ትሮፊ ለማግኘት የምትጫነው ቁልፍ ትንሽ ይከብድህ ይሆናል። ይክበድህ።

ጋኔኑን የምትጥልበት ማታ ግን ሊመጣ ሲል ታውቀዋለህ፤ ሁለት ሕይወቱን ሳትንገዳገድ ማውረድ ስትጀምር። ያን ጊዜ ቡና አፍሉና አጠገብህ አስቀምጣት። ወንድምህም ይምጣ፣ ሽንኩርቱን የከተፈው እሱ ነው። ሲወድቅ ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትወጣዋን ትሮፊ አትይ፤ እሷን እይ። ምን እንዳለች ጻፍልኝ።